መልስ ይጠብቁ የነበሩት ተዋናይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ፣ ልጄ ሶስና ሶፋው ላይ ተጋድማ ቴሌቪዥኑን ታገላብጥ ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት ሳህን አጥባለሁ። በመሃል የአንድ ወንድ ድምፅ ሰማሁ። የሚናገርበትን ቋንቋ አላውቀውም። ድምፁን ግን አወቅኩት። እጄን ሳላደርቅ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጢም ያላቸው፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰውዬ ጥቁር አሸዋ ላይ ቆመው የጀልባ ገመድ እየጎተቱ ይቆጣሉ።

«ማም፣ ዋት ሃፕንድ? ካርፔቱን እኮ እያረጠብሽው ነው!»

«እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

«ኖ ዌይ። አይስላንዲክ ሙቪ እኮ ነው፣ በጣም ኦልድ። ሃው?»

«ጢማቸውን የምላጭላቸው እኔ ነበርኩ።»

ሶስና ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። ፊልሙን እስኪያልቅ አብረን አየነው። እሷ ከታች የሚወጣውን እንግሊዝኛ ታነባለች፤ እኔ የሰውየውን አፍ አያለሁ። ሲያልቅ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ሁለተኛው የበረዶ ወራት ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር እኖር ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አገር ቤት የእናቴ ጎረቤት የነበሩ፣ እዚህ ኤርፖርት በጽዳት የሚሠሩ፣ ምክር የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። የነርስ ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ሰርተፊኬቴን እንደያዝኩ አንድ ኤጀንሲ ሴንቴኒያል በሚባል የሀብታም ሰፈር ያለ ቤት መደበኝ። አንድ ሽማግሌ ከጠዋት እስከ ማታ ማስታመም ነበር ሥራው።

ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ነው የምደርሰው። ኮልፋክስ ላይ አውቶቡሱ እርጥብ እርጥብ በሚሸት ጃኬት ጢም ብሎ የሞላ ነው። ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ሰዉ እየሳሳ፣ ቤቱ እያደገ ይሄዳል። ሴንቴኒያል ስደርስ በእግሩ የሚሄድ ሰው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ከመኪናው መንገድ የተጠረገው በረዶ ደግሞ የሚቆለለው በእግረኛው መንገድ ላይ ነው። ማንም አይሄድበትማ።

በሩን የከፈተችልኝ የሽማግሌው ልጅ ሩና ነበረች። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መሃል ዴንቨር የምትሠራ የውኃ መሐንዲስ። በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው፤ አማርኛ ቢሆን አንቺ ማለቱ ይከብደኝ ነበር፣ እንግሊዝኛው ገላገለኝ።

«ቀኝ ጎኑ አይሠራም» አለችኝ። «ስትሮኩ ንግግሩንም ወስዶታል። ውኃ ስትሰጪው በዚህ ዱቄት አወፍሪው፤ ቀጭን ውኃ ወደ ሳንባው ይገባል። ስልክ ቁጥሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።»

ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ «አባቴ» ስትል አልሰማኋትም። በኋላ እንደነገረችኝ በነሱም አገር እንደኛው ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እምብዛም የለም። እሷ ግን የአባቷን ስም ጥላ ያሜሪካዊ ባሏን ስም ይዛለች። ባሏን ፈትታው እንኳ ወደ አባቷ ስም አልተመለሰችም። ይሄ ከነገረችኝ ሁሉ በላይ አስደነገጠኝ።

እኔ አባትየውን «ጋሽ ኦዱር» እላቸው ነበር። ማን እንደነበሩ ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው፤ ግማሹን ከሩና፣ ግማሹን መደርደሪያው ላይ ከነበረ የፎቶና የጋዜጣ ቁራጭ ከተለጠፈበት አልበም። የተወለዱት ተራራው ባሕሩ ላይ በሚደፋበት አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባታቸው ባሕር እንደወጡ ቀሩ። እሳቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው በአባታቸው ፈንታ መርከብ ላይ ወጡ። አንድ በጋ ከከተማ የመጡ ተዋንያን ዓሣ በጨው የሚታሽበት መጋዘን ውስጥ ቲያትር አሳዩ፤ ልጁ ኦዱር ጓንታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆመው አዩ። በዓመቱ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ዋናው ከተማ ሄዱ። ቀን አናጢ፣ ማታ የቲያትር ተማሪ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከመድረክ አልወረዱም። ቄስ ሆኑ፣ ንጉሥ ሆኑ፣ ሰካራም ሆኑ፣ ነፍሰ ገዳይ ገበሬ ሆኑ። ፊልም የሚሠሩት በበጋ ነው፤ በዚያ አገር በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ካሜራው አያርፍም። አገሩ ትንሽ ስለሆነ ዳቦ ቤት ሲገቡ ሰው የሚጠራቸው በተጫወቱት ሰው ስም ነበር። ባለቤታቸው የመድረክ ልብስ ይሰፉ ነበር። ከስትሮኩ በኋላ አስታማሚ ስላልነበራቸው ሩና ወደ ራሷ ዘንድ አመጣቻቸው።

«እኔ ደግሞ የወጥ ቤት ተዋናይ ነበርኩ» አለችኝ ሩና አንድ ቀን፣ ያለወትሮዋ ፈገግ ብላ። አባቷ ቃላቸውን ሲያጠኑ፣ ሌላውን ሰው ሆና የምትመልስላቸው እሷ ነበረች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ፣ ድንች እየላጠች።

ሩና ከአገሯ ደረቅ ዓሣ ታስመጣ ነበር፤ እንደ ቋንጣ ያለ ነገር ነው፣ በቅቤ ይበላል። ጋሽ ኦዱር ማኘክ ስለማይችሉ አልሜ ከድንች ጋር እፈጭላቸዋለሁ። ዐቢይ ጾም ስለነበር አልቀመስኩትም፤ ሽታው ግን ጃኬቴን ይዞ ኦሮራ ድረስ ይከተለኝ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ስከፍት «መጣሽ፣ ዓሣዬ» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። የኮሎራዶ ፀሐይ በረዶው ላይ አርፋ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ ጢማቸውን በሳሙና አረፋ ሸፈንኩት። አንዱን ጉንጭ ጨርሼ ምላጩን ሳነሣ አፋቸውን ከፈቱና ተናገሩ። ማጉረምረም አልነበረም። ከሆድ የሚወጣ፣ ቤቱን የሚሞላ፣ አንድ ፊደል የማይሰበርበት ንግግር ነው። ከዚያ ድንገት አቆሙና ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። ከኔ የሆነ ነገር ይጠብቃሉ።

ወደ ስልኩ ሮጥኩ። «ሩና! አባትሽ ተናገሩ!»

ከመሃል ዴንቨር ያለ ትራፊክ እንኳ አርባ ደቂቃ የሚወስደውን መንገድ በግማሽ ሰዓት መጣች። የመኪናዋን በር ሳትዘጋ ገባች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ፓቢ» አለቻቸው፤ አባባ ማለት ነው። ጋሽ ኦዱር ከመጀመሪያው ጀመሩት። ፊቷን አይ ነበር። ለጥቂት ቃላት ያህል እንደ ሕፃን ፊት በራ። ከዚያ ጠፋ።

«ይሄ እሱ አይደለም» አለችኝ ብድግ ብላ። «ይሄ ቲያትር ነው።»

«እንዴት? በጆሮሽ ሰማሽ እኮ።»

«ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ሰው የራሱ ቃል ሲጠፋበት በቃሉ ያጠናው ሊቀር ይችላል፤ ጸሎት፣ ዘፈን። ለሱ የቀረለት ይሄ ነው። ቲያትሩ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ትቶት በሄደ ደሴት ላይ አልሄድም ብሎ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ አለ፤ ቄሱ በጀልባ ሊወስደው ይመጣል። የተናገረው ሽማግሌው ነው። አሁን የቄሱን መልስ እየጠበቀ ነው።»

«ታዲያ መልሽላቸው!»

የኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች። «አሥራ አንድ ዓመት መልሼለታለሁ። እናቴ የሞተችው እሑድ ከሰዓት ነው። እየሮጥኩ ቲያትር ቤት ሄድኩ። ከመድረኩ ጀርባ የሽማግሌውን ልብስ ለብሶ ቆሟል። እየሞተች ነው፣ ና አልኩት። ትዕይንቱ ሲያልቅ እመጣለሁ አለኝ። ይሄንኑ ቲያትር፣ ይሄንኑ ቃል ነው ወጥቶ የተናገረው። የደረሰው ሬሳዋ ወጥቶ አልጋዋ ከተነጠፈ በኋላ ነው።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ በግማሽ ከተላጨ ጢም ጋር ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኦዱር ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ያቺን የመጀመሪያ ንግግር ይናገራሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ያዩኛል። «እሺ ጋሽ ኦዱር» እላለሁ። ያ መልሱ አይደለም። በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይመቱና እንደገና ይጀምራሉ። በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በር የሚያንኳኳ፣ የሚከፍትለት ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፃቸው እየሻከረ ሄደ። ማንኪያ ሳቀርብ አፋቸውን ይዘጋሉ። ገላቸውን ሳጥብ የጎድን አጥንታቸውን እየቆጠርኩ ነው።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺ የተቀጠርሽው ልታጥቢ፣ ልታበይ ነው» አሉኝ። «በአባትና በልጅ መሃል አትግቢ። ነገ ሲታረቁ ጠላታቸው አንቺ ነሽ።»

«ሰውየው እየሞቱ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሰውማ ይሞታል» አሉ። ግን በማግስቱ ጠዋት ለጸሎት ሲቆሙ «ለአገልጋይህ ለኦዱር» ሲሉ ሰማኋቸው። የክርስትና ስማቸውን ስለማያውቁ እንዲሁ ነው የጠሯቸው።

በዚያው ሳምንት ሳይፈቀድልኝ ቤዝመንት ወርጄ ሳጥን ከፈትኩ። ከድሮ ልብስ ሥር ጠርዙ ያለቀ ትንሽ መጽሐፍ አገኘሁ። የአንደኛው ሰው ንግግር በቀይ ተሰምሮበታል፤ ዳር ዳሩ ላይ የልጅ እጅ በእርሳስ ጀልባ ስሎበታል። ይዤው ወጣሁ። ንግግራቸውን ጨርሰው ሲያዩኝ፣ ቀዩ የሌለበትን መስመር እንደመሰለኝ አነበብኩላቸው። ምን እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። ጋሽ ኦዱር መጀመሪያ ደነገጡ። ጭንቅላታቸውን በምሬት ነቀነቁ። ከዚያ በዚያ ጠማማ በሆነው አፋቸው ሣቅ መጣ፤ ቀጥሎም ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ። አንድ እርምጃ ተራመድን!

በሦስት ቀን ሁለት ገጽ ሄድን። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሳህን ድንች በሉ።

ሳህኑን ላነሣ ስል ሩና በሩ ላይ ቆማለች። ቀደም ብላ ከሥራ ወጥታ ኖሯል። መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«በሉ እኮ፣ ሩና። እዪው ሳህኑን።»

«ይሄ የኔ ነው! ይሄ ሥዕል የኔ ነው። ለኤጀንሲሽ ልደውል?»

«ደውዪ» አልኩ። «ግን ከደወልሽ በኋላ አንቺ አንብቢላቸው። የኔ ንባብ አይረባም።»

አልደወለችም። መጽሐፉን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ዛሬ ሳስበው መቆጣቷ ትክክል ነበር፤ የሰው ቁስል ሳያስፈቅድ የሚነካ ነርስ እኔም አልወድም። ግን መጽሐፉ ከሄደ በኋላ ጋሽ ኦዱር ድንችም ውኃም አልተቀበሉም። ከዚያም መናገሩን ራሱን ተዉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሆስፒስ ነርስ፣ ማለትም ለሞት የቀረቡትን ቤታቸው መጥታ የምታይ ነርስ፣ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ አስገባች።

መጋቢት ነበር። የዚህ አገር የመጋቢት በረዶ ተንኮለኛ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ያሳይሃል፣ ከሰዓት መንገድ ይዘጋብሃል። ነርሷ «ገና ጥቂት ቀን አላቸው» ስላለቻት ሩና ለአንድ ስብሰባ ብላ ወደ ቢሮ ሄደች። ስድስት ሰዓት ላይ በረዶው መጣል ጀመረ። ስምንት ሰዓት ላይ የጎረቤቱ ቤት አይታይም፤ የዛፉ ቅርንጫፍ በእርጥብ በረዶ ክብደት ጧ እያለ ይሰበራል። የጋሽ ኦዱር ትንፋሽ ተለወጠ። ይስቡና ይቆያሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ሰው ሲሞት አይቼ አላውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ሩና ነበረች። «ሃይዌዩ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ትራክ ተገልብጧል፣ ምንም አይንቀሳቀስም። እንዴት ነው?»

ነገርኳት። የመኪናዋ ዋይፐር ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል።

ያኔ ነው ከጀርባዬ ሹክሹክታ የሰማሁት። ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ ያቺን የመጀመሪያ ንግግር ጀመሩ፤ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ሩና፣ ጀመሩት።»

«ስልኩን አቅርቢለት» አለች።

ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ጨርሰው ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ከስልኩ የሚመጣው የዋይፐር ድምፅ ብቻ ነበር፤ በጣም ቆየ። «እባክሽ» አልኩ በአማርኛ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ የሩና ድምፅ መጣ። መጽሐፍ የላት፣ ምን የላት፤ አንድ ቃል ሳትስት መለሰችላቸው።

እሳቸው ቀጠሉ። እሷ መለሰች። በየመሃሉ ያሸልባቸዋል፤ እሷ ትጠብቃለች። እጄ ሲዝል በሌላው ቀየርኩ። አንድም ቃል አልገባኝም። አንድ ቦታ ላይ የሚያስቅ ነገር ነበረበት መሰለኝ፣ ሩና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲዞርባት ዋጥ አድርጋ መስመሯን ደረሰችበት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ እንደ ጥያቄ ከፍ ብሎ የሚያልቅ ነገር አለች። ጋሽ ኦዱር ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ። ሲመልሱት አልሰማሁም።

ሩና ጥያቄዋን ደገመችው። ቆየችና ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችው፤ ጮክ ብላ፣ በደንብ እንዲሰማ። በአራተኛው መጨረሻ ላይ «ፓቢ» የሚል ጨመረችበት። ያ ቃል መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ እኔም አወቅኩ።

«ሩና» አልኩ። «በቃ፣ ሩና።»

መኪናዋን ትታ የመጨረሻውን መንገድ በእግሯ ነበር የመጣችው። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉንጫቸውን ዳበሰች። ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ሳልጠይቃት፣ «ጀልባው እየጠበቀ ነው፣ ትመጣለህ ወይ ነው የምለው» አለች። «እሱ ደግሞ፣ ቆይ ኮቴን ልልበስ ይላል። ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ መሆኔን ያወቀ ይመስልሻል? ወይስ ቄሱን ነው የሰማው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችኝም። በሚያዝያ የተቃጠለ አስክሬናቸውን አመድ ይዛ ወደ አይስላንድ ሄደች፤ ቤቱም ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ራሴ የሆስፒስ ነርስ ሆኜ ስንት ሴንቴኒያል፣ ስንት ኦሮራ ያለ ቤት ገብቻለሁ። ያገሬ ሰውም ፈረንጁም ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ አወቀኝ ወይ፣ ሰማኝ ወይ። «አዎ፣ አውቀውሻል» እላለሁ፣ ሳላመነታ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ከሚሞተው ሰው ፊት ዓይኔን አልነቅልም፤ ዓይናቸውን እያየሁ፣ የምትለዋወጠዋን እያንዳንዷን ነገር ልብ እያልኩ ነው የምቆየው። ይህን የተማርኩት ኮርስ ላይ አይደለም።

ለሶስና ያልነገርኳት ይህንን ነው። ለሩና «አላውቅም» ያልኳት ስለ እውነት ብዬ አልነበረም። ስልኩን የያዝኩት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው። ፈርቼ ነበር፤ የሚሞት ሰው ዓይን ማየት ፈርቼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በረዶውን ስመለከት ነበር። የልጃቸው ድምፅ ሲመጣ ፊታቸው ተለውጦ ከሆነ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሊያየው የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም።